ሉንድ፦ የታሪክ ሊቃውንት የተሰበሰቡባት የትምህርት ከተማ

 

ፊደል ቆጥራችሁ፣ ቃል መሥርታችሁ፣ አሁን ዓረፍተ ነገር ለማንበብ የበቃችሁ ሁሉ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ አንዲት ሩቅ ከተማና በእሷ ውስጥ ስለ ተደረገ አንድ ትልቅ ስብሰባ ነው። ከተማዋ ሉንድ ትባላለች። የምትገኘው በሰሜን አውሮፓ፣ በስዊድን አገር ነው። ስብሰባው የተደረገው ከሚያዝያ 18 እስከ 21 ቀን 1974 ዓ.ም. ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1982 መሆኑ ነው። ስሙም ሰባተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባዔ ይባላል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በዚህ ንግግር «ዓ.ም.» ስል የእኛን አቆጣጠር ማለቴ ነው። «እ.ኤ.አ.» ስል ደግሞ የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ማለቴ ነው።

«እኛ ገና ማንበብ የጀመርን ሰዎች፣ ስለ ሉንድ ምን አገባን?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ደግ ጥያቄ ነው። እስቲ ጥቂት ታገሱኝ። ንግግሩ ሲያልቅ እንደሚያገባችሁ ራሳችሁ ትፈርዳላችሁ።

ጉባዔ ማለት ምን ማለት ነው?

ሁለት ጎረቤቶች በድንበር ተጣሉ እንበል። አንዱ «ድንበራችን እዚህ ነው» ይላል። ሌላው «የለም፣ ድንበሩ ከዛፉ ወዲያ ነው» ይላል። ታዲያ ምን ይደረጋል? ሽማግሌዎች ከዋርካ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። አንደኛው ቃሉን ይሰጣል። ሌላው በትዕግሥት ይሰማል። ከዚያ ደግሞ ተራው የእሱ ይሆናል። ሽማግሌዎቹ «ምስክር አለህ ወይ? ወረቀት አለህ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ምስክሩም ይመረመራል። «በዚያን ጊዜ ስንት ዓመትህ ነበር? በዓይንህ አየህ ወይስ ከሰው ሰማህ?» ይባላል።

የታሪክ ሊቃውንት ጉባዔም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ ክርክሩ ስለ ድንበር አይደለም፤ ስላለፈው ዘመን ነው። «ይህ ነገር መቼ ሆነ? ማን አደረገው? ለምን አደረገው? በምን እናውቃለን?» ይባባላሉ። እንደ ሽማግሌዎቹም ማስረጃ ይጠይቃሉ። ማስረጃ የሌለው ሰው፣ ምንም አንደበቱ ቢጣፍጥ፣ እዚያ አይረታም።

የኢትዮጵያ ጥናት ጉባዔ ታሪክን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ስለ ቋንቋ፣ ስለ ሥነ ጽሑፍ፣ ስለ ሕዝብ አኗኗርና ስለ ሌላም ይነገርበታል። ታሪክ ግን ከመጀመሪያው አንሥቶ በዚህ ጉባዔ ሰፊ ቦታ አለው።

ሉንድ እንዴት ያለች ከተማ ናት?

ሉንድ በደቡብ ስዊድን የምትገኝ፣ በጣም ትልቅ ያልሆነች ከተማ ናት። ግን አሮጌ ናት። ዕድሜዋ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ነው። በመካከሏ ከግራጫ ድንጋይ የተሠራ ታላቅ ካቴድራል ቆሟል። ዋናው መሠዊያው የተባረከው በ1145 እ.ኤ.አ. ነው። በውስጡ ከ1400ዎቹ ጀምሮ የኖረ ትልቅ ሰዓት አለ። ሰዓቱ የቀኑን ሰዓት ብቻ ሳይሆን የጨረቃንና የፀሐይን መንገድ ያሳያል።

ሉንድ የምትገኝበት አውራጃ ስኮነ ይባላል። ይህ አውራጃ እስከ 1658 እ.ኤ.አ. ድረስ የዴንማርክ ነበር። በዚያ ዓመት በጦርነት ምክንያት በውል ለስዊድን ተላለፈ። ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ በ1666 እ.ኤ.አ.፣ የስዊድን መንግሥት በሉንድ ዩኒቨርሲቲ አቋቋመ። ለምን ይመስላችኋል? አንዱ ምክንያት ትምህርት ነው። ሌላው ምክንያት ግን አዲሱን አውራጃ ከስዊድን ጋር ለማጣበቅ ነው። በጦር የተያዘውን አገር በትምህርት ማጽናት ፈለጉ ማለት ነው። ትምህርት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከዚህ ተመልከቱ።

ዛሬ በሉንድ ዩኒቨርሲቲ ከ40 ሺህ በላይ ተማሪዎች ይማራሉ። በመንገዱ ላይ መጽሐፍ ይዞ በብስክሌት የሚሄደው ወጣት ብዙ ነው። የትምህርት ከተማ ማለት እንዲህ ነው። የከተማው ኑሮ ከዩኒቨርሲቲው ጋር የተሳሰረ ነው። ቤት አከራዩም፣ መጽሐፍ ሻጩም፣ ምግብ ቤቱም በተማሪውና በመምህሩ ይኖራል።

በሉንድ ከሁሉ የሚያስደንቀው ቤተ መጻሕፍቱ ነው። ከ1698 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስዊድን አገር ከሚታተመው ጽሑፍ ሁሉ አንድ ቅጂ ለዚህ ቤተ መጻሕፍት እንዲሰጥ ተወስኗል። ወፍራም መጽሐፍ ብቻ አይደለም። ጋዜጣውም፣ ቀጭኑም ወረቀት ይሰጣል። «ይህ ምን ያደርጋል?» ተብሎ ተቀዶ አይጣልም። ዛሬ ትንሽ የሚመስል ወረቀት ከመቶ ዓመት በኋላ ትልቅ ምስክር ሊሆን እንደሚችል ያውቃሉ።

ስዊድኖች ማንበብን እንዴት ተማሩ?

ይህን ስትሰሙ «ስዊድኖች ድሮም የተማሩ ናቸው» ትሉ ይሆናል። አይደለም። የስዊድን ገበሬም እንደ ሌላው አገር ገበሬ ማንበብ አያውቅም ነበር።

በ1686 እ.ኤ.አ. አንድ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ወጣ። ሕጉ ወንዱም ሴቱም፣ ጌታውም አሽከሩም፣ ማንበብ እንዲማር አዘዘ። ዋናው ሐሳብ እያንዳንዱ ሰው የሃይማኖት ትምህርቱን በገዛ ዓይኑ እንዲያይ ነው። በዚያን ጊዜ በየመንደሩ ትምህርት ቤት አልነበረም። ታዲያ ማን አስተማረ? አባትና እናት በየቤታቸው አስተማሩ። የሚያውቀው ለማያውቀው አስተማረ።

ቄሱ በየጊዜው እየዞረ ይፈትን ነበር። ሰፈርተኛው በአንድ ቤት ይሰበሰባል። አባወራው፣ እማወራዋ፣ ልጆቹ፣ ሠራተኞቹ ሁሉ ይቀርባሉ። ቄሱ መጽሐፉን ያስይዝና «አንብብ! አንብቢ!» ይላል። ማን በደንብ እንዳነበበ፣ ማን እንደ ተንተባተበ በመዝገብ ይጽፋል። ያልተማረ ሰው ከቁርባን ይከለከል፣ እንዳያገባም ይደረግ ነበር። ነገሩ ጥብቅ ነበር። ይሁን እንጂ በ1700ዎቹ መጨረሻ አብዛኛው ሕዝብ ማንበብ ችሏል። በየደብሩ የሕዝብ ትምህርት ቤት እንዲከፈት የታዘዘው ግን ዘግይቶ በ1842 እ.ኤ.አ. ነው።

አንድ ጉድለት ግን ነበረው። ሕዝቡ ማንበብን እንጂ መጻፍን አብሮ አልተማረም። ብዙው ሰው የሌላውን ቃል ያነብባል፤ የራሱን ቃል ግን አይጽፍም። መጻፍ በሕዝቡ መካከል የተስፋፋው በኋላ ነው።

እነዚያ የቄሶች መዝገቦች እስከ ዛሬ አሉ። የደቡብ ስዊድን መዝገቦች በሉንድ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። የታሪክ ሊቃውንት እነሱን እየገለጡ አንድ ተራ ገበሬ መቼ እንደ ተወለደ፣ የት እንደ ኖረ፣ ማንበቡ እንዴት እንደ ነበረ ያውቃሉ። ንጉሥ ያልሆነ፣ ጀግና ያልተባለ ሰው ስሙ አልጠፋም። ለምን? ስለ ተጻፈ ነው።

ጉባዔው እንዴት ይካሄዳል?

አሁን ወደ ጉባዔው እንመለስ። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ጉባዔ ለምን በትምህርት ከተማ ይደረጋል? አዳራሹ እዚያ አለ። ቤተ መጻሕፍቱ እዚያ አለ። ጥያቄ የሚጠይቅ መምህርና ተማሪም እዚያ አለ። እንግዳም የሚያርፍበት አይጠፋም።

የጉባዔ ሥራ የሚጀምረው ሰዎቹ ከመሰብሰባቸው ብዙ ወራት በፊት ነው። አስተናጋጁ ዩኒቨርሲቲ ለሊቃውንት ጥሪ ይልካል። መናገር የሚፈልግ ሰው ሊናገር ያሰበውን በአጭሩ ጽፎ ይልካል። ሐሳቡ ታይቶ ተቀባይነት ካገኘ የጥናት ጽሑፉን ያዘጋጃል። ቀኑ ሲደርስ ከየአገሩ ይመጣሉ። ስማቸው ይመዘገባል፤ የንግግሩ ዝርዝር ይታደላቸዋል።

ከዚያ በየክፍሉ ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ክፍል ሰብሳቢ አለው። ተናጋሪው የተወሰኑ ደቂቃዎች ብቻ ይሰጡታል። ደቂቃው ሲያልቅ ሰብሳቢው «ይበቃል» ይላል። አሥር ዓመት የደከመበትን ሥራ በዚያች ጊዜ ውስጥ መናገር አለበት። ቀጥሎ ጥያቄ ይመጣል። ጥያቄው አንዳንድ ጊዜ ያስጨንቃል። «ይህን ደብዳቤ ራስህ አየኸው? ቀኑ ትክክል ነው? ሌላው ወገን ምን ጻፈ?» ይባላል። ታላቅ ሊቅ የተባለ ሰው በአንድ ወጣት ጥያቄ ሊረታ ይችላል። መረታት ግን ነውር አይደለም። ስሕተቱን ያረመ ሰው አትርፎ ይሄዳል።

በመጨረሻ ጽሑፎቹ ተሰብስበው በመጽሐፍ ይታተማሉ። የሉንዱ ጉባዔ ጽሑፎችም በ1984 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ወጥተዋል። መጽሐፉን ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ስቬን ሩቤንሰን ናቸው። እኚህ ሰው በአዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያስተማሩ፣ በኋላም በሉንድ ፕሮፌሰር የነበሩ ስዊድናዊ ናቸው። እሳቸውን የምናነሣበት ሌላም ምክንያት አለ። የሚቀጥለውን ስሙ።

አንድ ቃል ያመጣው ጣጣ

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በወሎ፣ ውጫሌ በሚባል ቦታ፣ ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያ መንግሥት መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ ውል ተፈራረሙ። ውሉ በሁለት ቋንቋ ተጻፈ። አንዱ በአማርኛ፣ ሌላው በኢጣልያንኛ ነው። ሁለቱ ጽሑፎች አንድ ዓይነት ናቸው፣ ሁለቱም እኩል ይጸናሉ ተባለ።

ነገር ግን አንድ ዓይነት አልነበሩም። ልዩነቱ በ17ኛው አንቀጽ ላይ ነበር። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲላላኩ በኢጣልያ መንግሥት በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ከፈለጉ ይላላካሉ፤ ካልፈለጉ ይተዉታል። ኢጣልያንኛው ግን ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣልያ በኩል ለመላላክ ተስማምተዋል ይላል። የኢጣልያ መንግሥት ይህን እንደ ግዴታ ቆጠረው። «ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት» ብሎም ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀ።

ምኒልክ ነገሩን የተረዱት ወደ አውሮፓ ነገሥታት ራሳቸው በጻፉ ጊዜ ነው። ከእንግሊዝና ከጀርመን «በኢጣልያ በኩል ይጻፉልን» የሚል መልስ መጣ። አንዲት ቃል የአገርን ነጻነት ልትሸጥ ደረሰች። ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ አጥብቀው ተቃወሙ። ክርክሩ ዓመታት ወሰደ። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን አስታወቁ። መጨረሻውን ታውቁታላችሁ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ሆነ። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሌላ ውል ተፈረመ። የውጫሌ ውልም ተሻረ። ኢጣልያም የኢትዮጵያን ሙሉ ነጻነት ተቀበለች።

ፕሮፌሰር ሩቤንሰን በ1964 እ.ኤ.አ. ስለዚህ 17ኛ አንቀጽ ጥናት አሳተሙ። ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አድርገው መረመሩ። ከውሉ በፊትና በኋላ የተጻፉትን ደብዳቤዎች አገላበጡ። ልዩነቱ እንዴት መጣ? በስሕተት ነው ወይስ ታውቆ? አንቶኔሊ ምን ያውቅ ነበር? እነዚህን ጠየቁ። በሚቀጥለው ዓመት ካርሎ ጂልዮ የሚባሉ ኢጣልያዊ የታሪክ ሊቅ የተለየ ሐሳብ ይዘው መልስ ጻፉ። ሩቤንሰንም በ1966 እ.ኤ.አ. መልሰው ጻፉላቸው። ይህ ክርክር የተደረገው በጉባዔ ላይ ሳይሆን በታተመ የታሪክ መጽሔት ነው። መንገዱ ግን ያው የጉባዔው መንገድ ነው። እየተሰደቡ አይደለም፤ ወረቀት እያሳዩ ነው።

እስቲ አስቡት። የአማርኛው ጽሑፍ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮስ? ኢጣልያንኛው ብቻውን ምስክር ሆኖ ይቀር ነበር። ምኒልክ «እኔ ያልኩት እንዲህ ነው» ቢሉ ማን ያምናቸው ነበር? ያዳነን አንዱ የጀግኖች ክንድ ነው። ሌላው ግን በራሳችን ቋንቋ ተጽፎ የተቀመጠው ወረቀት ነው።

ታዲያ ለእናንተ ምን ይላል?

የውጫሌ ነገር የነገሥታት ብቻ አይምሰላችሁ። በየቤታችንም አለ። ስንቱ ሰው ነው ያላነበበውን ወረቀት የፈረመ? «እዚህ ላይ አውራ ጣትህን አኑር» ሲባል አሻራውን ያኖረ? ወረቀቱ ኪራይ ይሁን ሽያጭ፣ ብድር ይሁን ስጦታ አያውቅም። የሚነበብለትን አምኖ ይፈርማል። አንባቢው ታማኝ ከሆነ ደግ። ካልሆነስ? «ይቻላል» የሚለው «ይገባል» ሆኖ ቢገኝስ? ከዚህ በኋላ እናንተ እንዲህ አትሆኑም። ቀስ ብላችሁም ቢሆን፣ ጣታችሁን ከቃል ወደ ቃል እየወሰዳችሁም ቢሆን፣ ራሳችሁ አንብቡት። ያልገባችሁን ቃል ሳትጠይቁ አትፈርሙ። ቅጂውንም ተቀበሉና አስቀምጡ።

ሁለተኛም ነገር አለ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ጥናት ጉባዔ የተደረገው በ1959 እ.ኤ.አ. በሮም ነበር። በአዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገው ሦስተኛው ነው፤ ይኸውም በ1966 እ.ኤ.አ. ነበር። ከሉንድ ቀጥሎ ያለው ስምንተኛውም በ1984 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ተደርጓል። ከዚያም ወዲህ በ2012 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ መቀሌ ጉባዔውን አስተናግደዋል። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይባል የለም? የእኛ ከተሞችም የትምህርት ከተሞች ሆነዋል። በአዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። የቆዩ መጻሕፍትና ጽሑፎች እዚያ ይጠበቃሉ።

ግን ሊቃውንቱ የሚመረምሩት ከየት ይመጣል? ከሰማይ አይወርድም። ሰው የጻፈውን፣ ሰው ያስቀመጠውን ነው የሚመረምሩት። የነገሥታቱ ደብዳቤ ተገኝቷል። የገበሬው፣ የሸማኔው፣ የእናቶች ታሪክ ግን ብዙው ሳይጻፍ ቀርቷል። እነሱ አልኖሩም ማለት አይደለም። የሚጽፍላቸው አጡ እንጂ።

እንግዲህ እናንተ ይህን ልትሠሩ ትችላላችሁ። ደብዳቤ ስትጽፉ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱንና ቦታውን ጻፉበት። የዕድራችሁን መዝገብ ከእርጥበትና ከአይጥ ጠብቁ። አያቶቻችሁን ስለ አካባቢያችሁ ጠይቁ፤ የነገሯችሁን በደብተር አስፍሩ። «ይህን የነገሩኝ እገሌ ናቸው፤ እሳቸውም በዓይናቸው አይተዋል» ወይም «ከአባታቸው ሰምተዋል» ብላችሁ ለዩት። ሌላው ሽማግሌ የተለየ ነገር ከነገራችሁ እሱንም ጻፉት፤ አንዱን ደብቃችሁ አንዱን አትጻፉ። ሊቃውንቱ በሉንድ ያደረጉት ከዚህ የተለየ አይደለም።

የስዊድን ገበሬዎች ብዙ ዘመን አንብበው ሳይጽፉ እንደ ቆዩ ነግሬያችኋለሁ። እናንተ ግን ሁለቱንም አብራችሁ ያዙ። ማንበብ የሌላውን ቃል ያሳያችኋል። መጻፍ የእናንተን ቃል ያቆይላችኋል። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ይህን ነው።

ለዛሬው ንግግራችን እዚህ ላይ ይበቃል። 

አዲስ ቃላት

ጉባዔ፦ ለምክርና ለክርክር የሚደረግ ትልቅ ስብሰባ።
ማስረጃ፦ አንድ ነገር እውነት መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት፣ ዕቃ ወይም የምስክር ቃል።
ቤተ መዛግብት፦ የቆዩ መዝገቦችና ደብዳቤዎች የሚጠበቁበት ቤት።
አንቀጽ፦ ውል ወይም ሕግ ሲጻፍ በቁጥር የሚለይ ክፍል።

አንብባችሁ ተወያዩ

1. የታሪክ ጉባዔ ከሽማግሌዎች ሸንጎ ጋር በምን ይመሳሰላል?
2. የስዊድን ሕዝብ ትምህርት ቤት ሳይኖር ማንበብን እንዴት ተማረ?
3. በውጫሌ ውል በ17ኛው አንቀጽ ላይ አማርኛውና ኢጣልያንኛው በምን ተለያዩ?
4. በቤታችሁ ሊጠበቅ የሚገባው ወረቀት የትኛው ነው? የት አስቀመጣችሁት?
5. ከአካባቢያችሁ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ጠይቁ። የነገሯችሁን በአምስት መስመር ጻፉ። ቀኑንና የተናጋሪውን ስም አትርሱ።